ያለ ዱቄት፣ ያለ ቅቤ፦ የለውዝ ማካሮን ከጉርድ ሾላ ጓዳ

ግማሽ ኪሎ ለውዝ፣ ጥቂት ስኳርና ሁለት እንቁላል ያለበት ቤት ኬክ አያጣም። ዱቄት አይፈልግም፤ ቅቤ፣ ወተት፣ እርሾ፣ ቤኪንግ ፓውደርም አይፈልግም። ለውዙ ተቆልቶ ይታሻል፣ ይወቀጣል፣ ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ ጋር ይለወሳል፣ በእጅ ተድቦልቡሎ ኦቨን ይገባል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ላዩ ተሰነጣጥቆ፣ ዙሪያው ወርቃማ ሆኖ፣ መሃሉ ለስለስ ብሎ ይወጣል። የለውዝ ማካሮን ማለት ይኸው ነው። በሙያዬ ካወቅኋቸው ጣፋጮች ሁሉ እያንዳንዱ ቤት ጓዳ ቢገባ የምመኘው እሱን ነው።

ሙያዬ ኬክ መጋገር ነው። ፒያሳ ካሉት ኬክ ቤቶች በአንዱ ሚሊፎኒና ቦንቦሊኖ ስሠራ ቆይቼ፣ ትዳር ይዤ ጉርድ ሾላ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ እዚሁ ቤቴ ሆኜ ለልደት፣ ለክርስትናና ለምርቃት እጋግራለሁ። ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ጉርድ ሾላ 1 እና ጉርድ ሾላ 2 የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች አሉት። ሴንቸሪ ሞልም ያለው እዚሁ ነው። አስፋልቱ ዳር ካፌው ብዙ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሱቁ፣ አትክልት ቤቱ፣ የባልትና መደብሩና ቆሎ ሻጮቹ አሉ። ለማካሮን የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እነዚህ ዘንድ ይገኛል። ሱፐርማርኬት መግባት የሚያስፈልገው ለመጋገሪያ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ቦሌ ካፌዎች መስታወት ውስጥ የምታዩት ባለ ቀለሙ፣ ሁለቱ ተጣብቀው መሃላቸው ክሬም የተቀባው የፓሪሱ ማካሮን ሌላ ነው። እሱ እንደ ዱቄት የላመ አልመንድ፣ በጥንቃቄ የተመታ አረፋና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ የምናገረው ከእሱ በዕድሜ ስለሚበልጠው፣ በአንድ ጎድጓዳ ሳህንና በአንድ ሹካ ስለሚሠራው ነው።

ለምን ይህን መረጥሽ የሚለኝ ሰው ካለ መልሴ የሚጀምረው ከምንኖርበት ከፍታ ነው። ከውጭ አገር መጽሐፍ ወይም ቪዲዮ አይተው ስፖንጅ ኬክ የሚጋግሩ ጎረቤቶቼ አንድ አቤቱታ ደጋግመው ያመጡልኛል፦ «ኦቨን ውስጥ እያለ ጥሩ ተነሥቶ ነበር፤ ሳወጣው መሃሉ ገባ።» እጃቸው ምንም አላጠፋም። አዲስ አበባ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሊጡ ውስጥ ያለው አየርና ጋዝ ከልኩ በላይ ይነፋል፤ ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳል፤ ኬኩም ይሰምጣል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እርጥበት ቶሎ ያልቃል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ይህን አላሰበውም፤ የጻፈው ለራሱ ከተማ ነው። ማካሮን ግን እንዲነሣ የሚጠበቅበት ነገር ስለሌለ የሚሰምጥበትም ምክንያት የለም። በባሕር ጠረፍም በእንጦጦም ያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ታሪኩ ነው። ማካሮን ከጣሊያን የመጣ ነው፤ መሠረቱ አልመንድ፣ ስኳርና የእንቁላል ነጭ ነው። ጣሊያኖች አማሬቲ የሚሉት ብስኩት የዚሁ ቤተሰብ ነው። በፈረንሳይዋ ናንሲ ከተማ በአብዮቱ ዘመን ገዳማት ሲዘጉ ሁለት መነኮሳት ማካሮን እየጋገሩ በመሸጥ ራሳቸውን ችለዋል፤ ከተማዋም በ1952 እ.ኤ.አ. በስማቸው መንገድ ሰይማላቸዋለች። አይሁድም በፋሲካቸው ሰሞን የቦካ ነገር ስለማይበሉ፣ ዱቄት የሌለበትን ማካሮን የበዓል ጣፋጭ አድርገውታል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የምግብ ሥርዓት ላለው ሰው፣ «ይህን አልበላም፣ ያን አልበላም» እያለ ለሚያከብር ሰው የተመቸ ጣፋጭ ነው። እንዲህ ካለው ሕዝብ መካከል ደግሞ እኛም አለንበት። ወደ ጾሙ በኋላ እመለስበታለሁ።

አልመንድ እኛ ጋ በሱፐርማርኬት በትንሽ ላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ የውጭ ዕቃ ነው፤ በአንድ ኪሎ ዋጋ ስንት ኪሎ ለውዝ እንደሚገዛበት ማየት ይበቃል። ለውዝ በበኩሉ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሆኖ በፖርቱጋል መርከበኞች በኩል ወደ አፍሪካ የገባ ሰብል ነው፤ እኛ ግን ከራሳችን መሬት እናገኘዋለን። በአገራችን የለውዝ ነገር ከተነሣ ባቢሌ ይነሣል። ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዝሆን መጠለያዋና በግመል ገበያዋም ትታወቃለች። መሬቷ አሸዋማ መሆኑ ለለውዝ ተስማምቶታል። የለውዝ ነገር ይገርማል፤ ቢጫ አበባውን የሚያወጣው ከአፈር በላይ ነው። አበባው ከደረቀ በኋላ ከሥሩ የሚያድግ ቀጭን ግንድ ወደ ታች ተጎንብሶ መሬት ይገባና ፍሬውን አፈር ውስጥ ይይዛል። አፈሩ ጠንካራ ከሆነ ያ ቀጭን ግንድ መግባት አይችልም፤ ሲነቀልም ፍሬው እዚያው ይቀራል። ወገኑም ከሽምብራና ከባቄላ ነው።

ግዢው ላይ ጠንቀቅ በሉ። ለውዝ በእርጥበት ሲቀመጥ የሚያወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ጉበትን ይጎዳል፣ በጊዜ ብዛትም ካንሰር ያመጣል። ተመራማሪዎች ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በተሰበሰበ ለውዝ ላይ ይህን መርዝ አግኝተውታል፤ ችግሩ ግን ለውዝ በሚበቅልበት ሞቃት አገር ሁሉ ያለ ነው። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ የተቆላና የተላጠ ለውዝ አልገዛም፤ ጥሬውን ነው የምገዛው፤ መልኩን ማየት የምችለው ያኔ ነው። ቤት ስገባ ሰፌድ ላይ አፍስሼ እለቅመዋለሁ። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ነቀዝ የቀመሰው፣ ሽታው የተለወጠ ፍሬ ሁሉ ይጣላል። ለስስት ቦታ የለም፤ ከኪሎ አንድ እፍኝ ቢወጣ ይውጣ። ይህን ሥራ ከልጆች ጋር መሥራት ጥሩ ነው፤ ዓይናቸው ከእኛ ይሻላል።

አሁን ወደ ምጣዱ። ለ250 ግራም የተላጠ ለውዝ 300 ግራም ጥሬ ይበቃል። ብረት ምጣድ መካከለኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ ለውዙን አፍስሱና ማማሰያውን ከእጃችሁ አትለዩት። ቡና የቆላ ሰው ለውዝ መቁላት አይቸግረውም። መጀመሪያ ጥሬ የባቄላ ሽታ ይሸታል። ቀጥሎ ቅርፊቱ ጠስ ጠስ እያለ ይላቀቃል። ሽታው ወደ ጣፋጭነት ሲዞር አንድ ፍሬ አውጡና ለሁለት ክፈሉት፤ ውስጡ ፈዛዛ የገለባ መልክ ከያዘ ይበቃል። ምጣዱ ላይ ቡናማ እስኪሆን መጠበቅ የለባችሁም፤ ከእሳት ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ ኦቨን ውስጥ ደግሞ ሌላ እሳት ይጠብቀዋል። ወዲያው ሰፌድ ላይ ዘርጉት።

ለብ ሲል በሁለት መዳፍ መሃል እሹት። ቀዩ ቅርፊት እንደ ብናኝ ይረግፋል። እኔ ይህን የምሠራው በረንዳ ላይ ነው፤ ሰፌዱን ወደ ላይ ጣል መለስ እያደረግሁ ሳነፍስ ቅርፊቱ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል፤ ፍሬው ጥርት ብሎ ይቀራል። ሰፌድ መያዝ ከእናቴ የተማርኩት ነው፤ ኬክ ቤት ግን ለውዝ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያሹት። የሰፌዱ ይሻላል። ቅርፊቱ መራራ ስለሆነ ሁሉም ባይወጣም አብዛኛው መውጣት አለበት።

ከመፍጨታችሁ በፊት በደንብ ይቀዝቅዝ። ይህች ነጥብ ትንሽ ብትመስልም ሥራውን ትወስናለች። ግማሽ ያህሉ የለውዝ ክብደት ዘይት ነው፤ ሙቅ ሆኖ ከተፈጨ ዘይቱ ይወጣና የለውዝ ቅቤ ይሆንባችኋል። በብሌንደር ከሆነ ከስኳሩ ግማሹን ጨምራችሁ፣ እያቆማችሁ፣ በአጭር በአጭሩ ፍጩት፤ ስኳሩ ዘይቱን ይይዘዋል። በሙቀጫ ከሆነ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ውቀጡ። ሙቀጫ የወቀጠው ማካሮን ይበልጥ ያምረኛል፤ ከፊሉ ዱቄት፣ ከፊሉ ቅንጬ የሚያህል ስለሚሆን ጥርስ ሲነካው ለውዝነቱ ይታወቃል።

ስኳሩ 200 ግራም ነው። የአገራችን ስኳር፣ የሆላንዶቹ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም ስኳር ማምረት ከጀመረበት ከወንጂም ይሁን ከሌላ ቦታ የሚወጣው፣ ቅንጣቱ ጠጠር ያለ ነው። ለሻይ ምንም አይደለም፤ ማካሮን ውስጥ ግን ሳይሟሟ ይቀርና ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ቀሪውን ግማሽም በሙቀጫ ደቆስ አድርጉት። «ስኳር በዛ» የሚሉኝ አሉ፤ እስከ 170 ግራም መቀነስ ይቻላል። ከዚያ በታች አልመክርም፤ ስኳሩ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። ውሃውን ይዞ መሃሉን ለስላሳ የሚያደርገው፣ ላዩን ደግሞ አድርቆ የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ሚዛን የሌላችሁ፣ ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ከሁለት ብርጭቆ ትንሽ የሚበልጥ የተወቀጠ ለውዝና ከአንድ ብርጭቆ ጥቂት ጎደል ያለ ስኳር ስፈሩ።

እንቁላሉ። የሚያስፈልገው ነጩ ብቻ፣ 70 ግራም ያህል ነው። ከትልቁ የፈረንጅ እንቁላል ሁለት፣ ከአበሻው እንቁላል ሦስት ይሆናል። አስኳሉን ምን ላድርገው የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ እኔ ዘንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለች ወጣት እናት ለልጇ ገንፎ አስኳሉን ብቻ እየለየች ነጩን ትደፋው ነበር። አሁን በክዳን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ እያስቀመጠች ታመጣልኛለች፤ ሦስት ቀን ያህል ምንም አይሆንም። ማካሮኑንም እንካፈላለን።

መጀመሪያ የሠራሁላት ቀን አብረውን የነበሩ ትልቅ ሴት ሊጡን ዐይተው አላመኑም።

«አንቺ ልጅ፣ ዱቄት ሳታገቢበት ምን ሊይዘው ነው? እሳት ሲነካው ይፈሳል» አሉኝ።

«ነጩ ነው የሚይዘው፣ እትዬ። እንቁላል ሲቀቀል እንደሚረጋው ኦቨን ውስጥም ይረጋል፤ ለውዙን አቅፎ ነው የሚረጋው።»

«እስቲ እናያለን» ብለው ተቀመጡ። ዐዩም። አሁን ለእንግዳ ሲፈልጉ ለውዙን ራሳቸው ቆልተው፣ አበጥረው ነው የሚልኩልኝ፤ አቆላላቸው ከእኔ ይበልጣል።

ነጩን በሹካ መታ መታ አድርጉት። ስስ አረፋ ሲይዝ ይበቃል። ለውዙን፣ ስኳሩን፣ ቁንጥር ጨውና የግማሽ ሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ አንድ ላይ ቀላቅላችሁ ነጩን ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ ለውሱ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አታፍስሱ፤ የእንቁላሉ መጠን ከቀን ቀን ይለያያል። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ የሚጣበቅ፣ ሲድቦለቦል ግን ቅርፁን የሚይዝ መሆን አለበት። ሳህን ላይ ሲቀመጥ ጠፍጠፍ ካለ ነጩ በዝቷል፤ ለውዝ ጨምሩበት። እኔ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ እጨምርበታለሁ። ቫኒላ የለመደ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ኮረሪማና የተቆላ ለውዝ ግን አብረው የተፈጠሩ ያህል ይስማማሉ።

ግማሽ ሰዓት ይረፍ። የመብራቱን ነገር እዚህ ላይ ላንሣው። አረፋ ተመትቶ የሚሠራ ጣፋጭ መብራት ሲሄድ ያልቅለታል፤ አረፋው ይወርዳል፣ ሥራው ከንቱ ይሆናል። ይህ ሊጥ ግን ይጠብቃል። ፍሪጅ ውስጥ ተሸፍኖ እስከ ማግሥቱ ቢያድር አይጎዳም፤ ለውዙ እርጥበቱን ስለሚጠጣ እንዲያውም ለመድቦልቦል ይመቻል። ለአዲስ አበባ ጓዳ ተስማሚ ነው የምለው በዚህም ጭምር ነው።

እጃችሁን በውሃ አርሳችሁ 20 ግራም፣ ማለትም ከሾርባ ማንኪያ ጎደል የሚል ሊጥ እያነሣችሁ አድቦልብሉ። 25 ያህል ይወጣዋል። የመጋገሪያ ወረቀት የተነጠፈበት ትሪ ላይ በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ትታችሁ ደርድሩና በጣት ጫፍ ጫን አድርጓቸው። ዘይት የተቀባ ትሪ ወረቀቱን አይተካም፤ ስኳሩ ቀልጦ ሲጣበቅ በቢላም አይነሣም። ኦቨኑ 160 ዲግሪ ሙቀት ላይ አስቀድሞ ይሙቅ፤ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃል። የብዙዎቻችን ስቶቭ ቁጥሩ የጠፋ ወይም ቁጥሩና ሙቀቱ የማይገናኝ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ቴርሞሜትር ነክተው አያውቁም፤ ባዶ ትሪ ላይ ቁንጥር ዱቄት በትነው አምስት ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ያቆዩት ነበር። ዱቄቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ሙቀቱ ልክ ነው፤ ቡናማ ከሆነ በዝቷል፤ ነጭ እንደሆነ ከቀረ አልደረሰም። እኔም እስከ ዛሬ እንዲሁ አደርጋለሁ።

ሲወጡ ለስላሳ ናቸው፤ ያልበሰሉ ይመስላችሁና መመለስ ያምራችኋል። አትመልሱ። ትሪው ላይ እንዳሉ ሲቀዘቅዙ ይጠነክራሉ። ትኩስ ሳሉ ከወረቀቱ ለማንሣት ከሞከራችሁ ይሰበራሉ።

አሁን ጾም። የፍስክ ማካሮን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጾሙን የሚጠብቅ ቤት ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን ሲቆጥር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን እንቁላል አይነካም። ኬክ ቤቶች በጾም የሚሸጡት ኬክ በማርጋሪንና በዘይት የሚሠራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ብዙው ከበድ ይላል። እዚህ ላይ ነው ሽምብራ የሚገባው።

በ2014 እ.ኤ.አ. ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚያወጣ አገኘ። በዓመቱ ጉስ ዎልት የተባለ አሜሪካዊ የሽምብራን ውሃ ከስኳር ጋር ብቻ መትቶ ያለ ሌላ ማጠንከሪያ ጥሩ ሜሬንግ እንደሚወጣው አሳየ። ምክንያቱ ሽምብራው ሲቀቀል ከፕሮቲኑና ከስታርቹ ጥቂቱ ወደ ውሃው መውጣቱ ነው፤ አረፋውን የሚፈጥሩትና የሚይዙት እነሱ ናቸው። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ልንገራችሁ፦ ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ሽምብራ ነፍሮ ያልበላ፣ ሽሮ ያልቀመሰ ሰው የለንም። ያን ውሃ ስንት ዘመን ደፍተነዋል!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልልቁ ነጭ ሽምብራ ጥርት ያለ ውሃ ይሰጣል፤ ቡናማው ትንሽ ጠቆር ያለ፣ ግን እሱም ይሆናል። ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ለቅማችሁ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ፣ ከሽምብራው ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ፣ ያለ ጨው ቀቅሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጊዜ ይወስዳል፤ የግፊት ድስት ያላችሁ ታድላችኋል። ሽምብራው በጣት ሲጨመቅ ሲፈርስ አውርዱትና ከነውሃው ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ሲነጋ አጥልሉት። ውሃው ዝልግልግ ብሎ፣ ልክ ጥሬ የእንቁላል ነጭ ይመስላል፤ ቀጠን ካለ እሳት ላይ መልሳችሁ አትንኑትና አቀዝቅዙት። ሽምብራው ለነፍሮ ወይም ለሰላጣ ይሁን።

ለአንድ እንቁላል ነጭ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይተካል፤ ለእኛ ልክ አምስት ማንኪያ ይበቃል። እዚህ ላይ ሹካ አይሠራም፤ ሚክሰር ያስፈልጋል። ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጨምራችሁ አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪቆም ምቱት፣ የደቀቀውን ስኳር ጥቂት በጥቂት አግቡ፣ ከዚያ ለውዙን በማንኪያ በቀስታ ቀላቅሉ። ይህ ሊጥ እንደ መጀመሪያው አይጠብቅም፤ ወዲያው ኦቨን መግባት አለበት። ሙቀቱን ወደ 140 ዝቅ አድርጋችሁ 25 ደቂቃ ያህል ጋግሩ። የሚወጣው ከፍስኩ ጠፍጠፍ ያለና ተሰባሪ ነው። የሽምብራ ጣዕም ግን የለውም፤ ሲጋገር ይጠፋል። ባለፈው ፍልሰታ ለጎረቤት ማኅበር የላክሁትን እንቁላል አለበት ብለው የጠረጠሩ ነበሩ፤ ድስቱን አሳይቼ ነው ያሳመንኳቸው። ለሙስሊም ጎረቤቶቼም በረመዳን ለማፍጠሪያ የምልከው ይህንኑ ወይም የፍስኩን ነው፤ በሁሉም ማዕድ ይቀርባል።

ኦቨን የሌላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የእንጀራ ምጣድ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ወረቀት አንጥፋችሁ ደርድሩና አክንባሎውን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ በቀሪው ሙቀት አብስሉት። ከሥር ሲጠነክሩ አገላብጧቸው። ላያቸው እንደ ኦቨኑ አይሰነጣጠቅም፤ ጣዕማቸው ግን አይከፋም።

አንድ ማሳሰቢያ። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ጥቂት ቁራሽም ሊጎዳው፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። ማካሮን ላዩ ሲታይ ለውዝ መሆኑ አይታወቅም፤ ስለዚህ ለእንግዳ ስታቀርቡ፣ ለትምህርት ቤት መክሰስ ስትሰጡ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለሕፃናት ሙሉ ፍሬ ለውዝ አትስጡ፤ ያንቃል።

ለውዝን የማከብርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከመቶ ክፍሉ 25 ያህሉ ፕሮቲን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ሐኪም አንድሬ ብሪያንድና ሚሼል ሌስካን የሠሩት፣ በጤና ጣቢያዎቻችን በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት መሠረቱ የለውዝ ቅቤ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራበት ፍሬ የቆሎ ማድመቂያ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ማካሮኑ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ሳምንት ይቆያል፤ በበጋ ከዚያም በላይ። በክረምት ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሳይሸፈን ካደረ ይለሰልሳል፤ ኦቨን ውስጥ አምስት ደቂቃ ቢመለስ ይስተካከላል። ለቡና ቁርስ ሲቀርብ አንድ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ጣፋጭ ነው። በተጋገረ በማግሥቱ ደግሞ ከዕለቱ ይበልጣል፤ ለበዓል የምትሠሩ በዋዜማው ጋግሩት።

ከሁሉም አስቀድማችሁ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዛሬ ማታ ሽምብራ ዘፍዝፉ፤ ነገ ስታነፍሩም ውሃውን አትድፉት።